ማሽኑ በየእርምጃው ይጮሃል፣ ሲቆፈር ባዶ

 እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። አሁን አሁን ግን ጓሯቸውንና ማሳቸውን በብረት መፈለጊያ የሚያስሱ ሰዎች "ተበላሸ" እያሉ ማሽን ያመጡልኛል። አብዛኛው ምንም አልሆነም።

ችግር፦ አይበራም
ባትሪ የሚነካበት ጫፍ ዝጓል። ጥጥ በሎሚ አርሳችሁ ጥረጉት፣ ይድረቅ። ደግሞ በሁለት ቀን የሚፈሰውን ርካሽ ባትሪ አትግዙ። የሺዎች ማሽን ገዝቶ ባትሪ ላይ የሚሰስት ሰው አይገባኝም።

ችግር፦ ዘንጉን ስታወዛውዙ ይጮሃል
ኬብሉ ላልቶ ይንቀጠቀጣል። ዘንጉ ላይ ጠምጥማችሁ እሰሩት።

ችግር፦ በየቦታው ይጮሃል፣ ሲቆፈር ምንም የለም
እዚህ ላይ ቁጭ እንበል። ሰው የሚያመጣልኝ በብዛት ይሄንኑ ነው።

ከማቻከል የመጡ አንድ አባት "ልጄ፣ ይሄ ውሸታም ነው፣ ጣለው" ብለው ማሽኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። እኔ ጋ ዝም አለ። እሳቸው ማሳ ላይ ግን ያብዳል። አብሬያቸው ሄድኩ። ድንቹ መሀል አምስት ጉድጓድ አለ፤ አንዱ እስከ ወገብ ይደርሳል። ባለቤታቸው "ማርትሬዛ ሲል ድንቼን ጨረሰው" አሉኝ፤ የድሮውን የብር ገንዘብ ማለታቸው ነው። ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ማሽኑ ደካማ ምልክት የሚሰማበትን መጠን፣ ሳየው እስከ ጫፍ ተከፍቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ቀይ አፈር ራሱ ብረት አለው። ማሽኑ መሬቱን ራሱን እንደ ዕቃ ይቆጥረዋል፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ይብስበታል። ሴንሲቲቪቲ ስትጨምሩ የሚጎላው የተቀበረው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ አፈሩም አብሮ ይጎላል።

መፍትሄው፦ ሴንሲቲቪቲውን ግማሽ ላይ አድርጉ። ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጉ። ከታች ያለውን ሳህን አንድ ስንዝር ያህል አንሡ፣ ወደ መሬት አስጠጉ፣ መልሳችሁ አንሡ። ሲወርድም ሲነሣም ድምፁ እኩል እስኪሆን ግራውንድ ባላንሱን፣ ማሽኑ የአፈሩን ድምፅ እንዲተው የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ አስተካክሉ። ከቀይ አፈር ወደ ቢቸና መረሬ፣ ወደ ጥቁሩ አፈር፣ ከሄዳችሁ እንደገና ይስተካከል። "ትናንት አስተካክያለሁ" አይሠራም።

አስተካክለንም ጩኸት ቀረ፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ። እውነተኛ ዕቃ ከግራም ከቀኝም ስትመጡ እዚያው ይጮሃል፤ ዘጠና ዲግሪ ዞራችሁ ብትሞክሩም አይለቅም። የአፈር ጩኸት ቦታ ይቀይራል፣ ሳህኑን ትንሽ ስታነሡት ይጠፋል። ቆፈርን። የተሰበረ የማረሻ ጫፍ ወጣ። አባት በእጃቸው አፈሩን ጠረጉትና "የአባቴ ነው፣ የሰበረው እኔ ነኝ" አሉ። ብዙ አልሣቁም።

ማስጠንቀቂያ፦ መሬቱ የእናንተ መሆኑ ፈቃድ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመፈለግ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ድንገት የተገኘም ይነገራል። የይዞታ ደብተር ይህን አይተካም። ቤተ ክርስቲያን ዙሪያማ በጭራሽ!

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ከሁሉ የሚበልጠው፦ ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933፣ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ጦር ነበረው። የጥይት ቀለህ ማግኘት ተራ ነገር ነው፤ ያልፈነዳ ነገርም ሊኖር ይችላል። ትልቅ የብረት ድምፅ ስትሰሙ ዶማ አታንሡ።  ክብ ወይም ሹል ብረት ከታየ አትንኩ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለፖሊስ ንገሩ። አንድ ጎረምሳ ከባድ ጥይት ኪሱ ይዞ "ይሄ ስንት ያወጣል?" ብሎኝ ገብቶ ነበር። ወንበሬን ጥዬ ወጣሁ።

ችግር፦ ማርትሬዛ የመሰለ ድምፅ፣ ሲወጣ ቆርኪ
ቆርኪ ብዙ ሰው ያታልላል። ማርትሬዛ ካላችሁ፣ 28 ግራም የሚመዝን የብር ሳንቲም ነው፣ መሬት ላይ አስቀምጡና ድምፁን ልመዱት። ላዩ ላይ 1780 የሚል ብታዩ የታተመበት ዓመት ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ምስሏ ካለበት ከንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሞት በኋላም በዚያው ቁጥር ሲታተም ኖሯል።

ችግር፦ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ያጉረመርማል
ራቁ። ስልካችሁንም አጥፉ።

ችግር፦ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ገባ
አልጠግንም። ሌላ ሳህን ግዙ።