የክሩዝ ትኬት ሳይቃጠል እንዴት ይሰረዛል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተጓዦች

ለኮምቦልቻ ሰው መርከብ ማለት ደረቅ ወደቡ ላይ የሚራገፈው ኮንቴይነር ነበር። አሁን አሁን ሌላ ዓይነት መርከብ መጥቷል። አሜሪካ ያለች ልጅ እናቷን ለጥየቃ ስትጠራ «መጥተሽ ቤት ቁጭ አትዪም፣ አንድ ሳምንት በባሕር እናዞርሻለን» ትልና ክሩዝ ትቆርጣለች። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መዝናኛው ሁሉ መርከቡ ላይ ነው። በየወደቡ እየቆመ ይሄዳል።

ችግሩ የሚመጣው ቪዛ ሲዘገይ፣ ሰው ሲታመም ወይም መንገድ ሲዘጋ ነው። ያኔ «ይሰረዝና ብራችንን ይመልሱልን» ይባላል። የመርከብ ድርጅት ግን ለምን እንደቀራችሁ ብዙም አይጠይቅም። የሚያየው መቼ እንደነገራችሁት ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ቀን ቆጠራ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት፦ የድሮውን ምክር እርሱት

«እኔ ሰርዤ አምስት ሳንቲም አልቀጡኝም» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን የኮሮና ጊዜ ወሬ ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 2020 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል መርከቦች እንዳይወጡ አገደ። ያኔ ድርጅቶቹ ደንበኛ እንዳይሸሽ ሕጋቸውን አለዘቡ። ሮያል ካሪቢያን ለምሳሌ መርከቡ ሊነሳ 48 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ሰርዞ ለሌላ ጊዜ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት መውሰድ ይቻላል ብሎ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ በቅናሽ ከሚሸጡት ትኬቶች ብዙዎቹ ቀብዳቸው አይመለስም።

ለተጓዡ የሚጠቅም አንድ ነገር ግን ከዚያ ጊዜ ተርፏል። የአሜሪካ ፌዴራል የባሕር ትራንስፖርት ኮሚሽን በ2022 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳን ጉዞ ድርጅቱ ራሱ ከሰረዘው ወይም በ3 ቀንና ከዚያ በላይ ካዘገየው፣ መሄድ ያልፈለገ ተጓዥ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህ እነሱ ሲሰርዙ ነው። እናንተ ስትሰርዙ ግን የሚሠራው ውሉ ነው።

1. ትኬቱን ማን እንደሸጠው እወቁ

ልጅቱ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ ገዝታ ከሆነ ራሷ ትሰርዛለች። በወኪል ከሆነ ግን ድርጅቱ ጋ ብትደውሉም «ወኪላችሁን አነጋግሩ» ነው የሚሏችሁ። ወኪሉ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ላይሠራ ይችላል፤ የራሱ የመሰረዣ ክፍያም ሊኖረው ይችላል። ስሙን፣ ስልኩንና የቡኪንግ ቁጥሩን ዛሬውኑ ጽፋችሁ ያዙ።

2. የማረጋገጫ ወረቀቱን አትሙት

በቴሌግራም የተላከ ስክሪንሾት አይበቃም። ሙሉ ፒዲኤፉን አስልካችሁ ፒያሳ ካሉት የኢንተርኔትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አሳትሙት። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀብዱ ተመላሽ ነው ወይስ አይደለም የሚለው። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ክፍያ ቀን። ሦስተኛ፣ የግብሩና የወደቡ ክፍያ ለብቻው ስንት እንደሆነ። ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ቅጣቱ መቶ በመቶ ቢሆን እንኳ፣ ካልሄዳችሁ የግብሩና የወደቡ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

3. ወደ ኋላ ቁጠሩ

የመጨረሻው ክፍያ ቀን እንደየድርጅቱና እንደየጉዞው ይለያያል። ብዙውን ጊዜ መርከቡ ሊነሳ ከ75 እስከ 120 ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት ከሰረዛችሁ ቢበዛ ቀብዱ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ ይወጣል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። መርከቡ የሚነሳው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 20፣ 2026 ነው እንበል። በእኛ ታኅሣሥ 11፣ 2019 ማለት ነው። የእናት ድርሻ 1,150 ዶላር ነው፤ 1,000ው የጉዞ ዋጋ፣ 150ው የግብሩና የወደቡ። የውሉ ቅጣት ደግሞ 90 ቀን ሲቀረው ግማሽ፣ 60 ቀን ሲቀረው ሦስት አራተኛ፣ 30 ቀን ሲቀረው ሙሉ ነው እንበል።

እዚህ ላይ የእኛ ካላንደር ያግዛል። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ከታኅሣሥ 11 ወደ ኋላ 90 ቀን ልክ መስከረም 11 ላይ ይውላል። 60 ቀን ጥቅምት 11፣ 30 ቀን ደግሞ ኅዳር 11። ፈረንጆቹ አንዱን ወር 30 ሌላውን 31 እያሉ ሲደናበሩ እኛ በጣታችን እንጨርሰዋለን። ጳጉሜን መሐል ከገባች ብቻ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጨመራል። ብትረሷትም ጉዳት የለውም፤ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ እንጂ አትዘገዩም።

እንግዲህ እናት መስከረም 8 ቀን ቢሰርዙ የሚቀርባቸው ቢበዛ ቀብዱ ነው። ጥቅምት 5 ቀን ቢሰርዙ 500 ዶላር ይቆረጣል። ኅዳር 5 ቀን 750። ከኅዳር 11 ወዲህ 1,000ው እንዳለ ይሄድና ያቺ 150 ብቻ ትመለሳለች። በሁሉም ቀን ምክንያቱ አንድ ነው፤ የተለያየው ቀኑ ብቻ ነው።

በቀን ገደቡ ዋዜማ ግን አትጫወቱ። ብዙዎቹ ድርጅቶች ፍሎሪዳ ናቸው፤ ሚያሚ እኩለ ሌሊት ሲሆን ደሴ ላይ እንደየወቅቱ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። «ገና ጊዜ አለን» ብላችሁ ሌሊት ስትደውሉ ቢሮው ተዘግቶ፣ ወይ እናንተ ጋ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ነገሩ ሊነጋ ይችላል። ሦስት አራት ቀን አስቀድሙ።

4. ቪዛውን ከቀኑ ጋር አጋጥሙ

ከእኛ አካባቢ ለሚነሳ ሰው ገንዘብ የሚቃጠለው ከበሽታም ከመንገድም ይልቅ በቪዛ ይመስለኛል። ቪዛ መከልከል ለመርከብ ድርጅት ምክንያት አይሆንም። ልክ ሐሳባችሁን እንደቀየራችሁ ነው የሚቆጥረው።

ስለዚህ የቪዛ ቀጠሮ ከመጨረሻው ክፍያ ቀን በፊት ካልተገኘ ክሩዙን አትግዙ፣ ወይም ቀብዱ የሚመለሰውን ትኬት ጨምራችሁ ግዙ። ውድ ነው፤ ግን ቪዛ በእጅ ላልያዘ ሰው ርካሹ እሱ ነው። የሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሠራው) ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር። ለሜዲትራኒያን ክሩዝ ያሰበ ሰው እስከ 15ቱ ቀን ከጠበቀ በምሳሌአችን ቅጣቱ ሙሉ ሆኖ ነው የሚያመለክተው።

ቪዛው ቢሰጥስ? አሁንም አልጨረስንም። የመግቢያ ብዛቱን እዩ። የሸንገን ቪዛ ላይ 01 የሚል ከተጻፈ አንዴ ብቻ መግባት ነው። ከአቴንስ ተነስቶ ቱርክ ደርሶ አቴንስ የሚመለስ መርከብ ከሸንገን ወጥቶ እንደገና ይገባል። የአሜሪካውም እንደዚሁ ሆኗል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል ነው። ከዚያ በፊት የተሰጡት እስከ ቀናቸው ይሠራሉ። አዲሱን ይዘው አሜሪካ የገቡ እናት ከሚያሚ ተነስተው ባሃማስን አይተው ሚያሚ ሲመለሱ ሁለተኛ መግቢያ ያስፈልጋቸዋል። ቪዛው ደግሞ አልቋል። የውጭ ወደብ የማይነካ ክሩዝ ከተፈለገ በሐዋይ ደሴቶች መካከል ብቻ የሚዞረው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ አለ። ለሌላው ግን ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ወረቀት የጎደለውን ሰው ወደብ ላይ ይመልሱታል፤ ገንዘቡም አይመለስም።

5. ከመሰረዝ በፊት አማራጭ ጠይቁ

ቀን መቀየር ይቻላል? በሰው መተካትስ? ለሌላ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ትሰጣላችሁ? እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ። አንዳንዴ ከቅጣቱ ያነሰ ክፍያ ነው የሚጠይቁት። ክሬዲት ከተባለ ግን የሚያበቃበትን ቀንና ለሌላ ሰው ይተላለፍ እንደሆነ ሳታረጋግጡ እሺ አትበሉ። ቪዛ የተከለከሉ እናት የዓመት ክሬዲት ቢያገኙ ምን ይሠራላቸዋል?

አንድ ወጥመድ አለ። ካቢን የሚሸጠው ለሁለት ሰው ታስቦ ነው። እናት ቀርተው ልጅ ብቻዋን ልሂድ ብትል ሁለቱን ቦታ እንድትከፍል ሊጠየቅ ይችላል። የእናትን ስም ከመሰረዝ በፊት «የቀረው ሰው ሒሳብ ስንት ይሆናል?» ብሎ ማስላት ያስፈልጋል።

6. በጽሑፍ ሰርዙ

በስልክ ብትነግሩም በኢሜይል ድገሙት። የቡኪንግ ቁጥር፣ ሙሉ ስም እንደ ፓስፖርቱ፣ የመርከቡ ስምና የመነሻ ቀን፣ «ሰርዤአለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ይበቃል። ቀኑን በፈረንጅ ጻፉ። የመሰረዣ ቁጥር እስኪሰጧችሁ ድረስ እንዳልተሰረዘ ቁጠሩት። ዝም ብሎ መቅረት ከሁሉም የከፋ ነው።

7. የአውሮፕላኑን ለብቻ ሰርዙ

ክሩዙ ስለተሰረዘ በረራው አብሮ አይሰረዝም፤ አብሮ በአንድ ጥቅል ካልተገዛ በቀር። ወደ አሜሪካ የሚበር ትኬት ከበረራው ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ ከአየር መንገዱ በቀጥታ ከተገዛ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ እንደ ትኬቱ ዓይነት ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለው ለብቻው ከተቆረጠም እሱንም አትርሱት፤ ከሰዓቱ በፊት አሳውቁ።

የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ መርከቡ በሚነሳበት ቀን ለመድረስ አታስቡ። ክረምት ላይ ሐረጎ በጉም ሲሸፈን ከደሴ ኮምቦልቻ ያለችው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እንኳ ታዘገያለች። አንዱ በረራ ሲያመልጥ ሌላው ይከተላል፤ መርከቡ አይጠብቅም። አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

8. ኢንሹራንስ ካላችሁ

ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ ሕመምንና ሞትን ይሸፍናል፤ የቪዛ መከልከልን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚባለው ዓይነት ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶ ይመልሳል። ግን የመጀመሪያው ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ውስጥ መገዛት አለበት። አሜሪካ ለማይኖር ሰው የማይሸጡም አሉ፤ ልጅቱ ከመግዛቷ በፊት የእናቷን መኖሪያ አገር ተናግራ ትጠይቅ።

ለሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። በሽታው፣ «መጓዝ አይችሉም» የሚለው ቃል፣ ፊርማና ማኅተም ይኑርበት። ቀኑንም ልብ በሉ። ደሴ ላይ የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ቀኑ በእኛ ሊሆን ይችላል። 5/2/2019 የሚለውን ያየ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈው ወረቀት ይመስለዋል። ሐኪሙን በትሕትና «የፈረንጁንም ጨምሩልኝ» በሉት።

9. ገንዘቡ ወዴት እንደሚመለስ ቀድማችሁ ተነጋገሩ

ተመላሹ የሚሄደው ወደተከፈለበት ካርድ ነው። ልጅቱ ወይም የአጎት ልጅ ከከፈለ ወደ እሱ ነው የሚገባው፤ ደሴ አይመጣም። እናት ድርሻቸውን እዚህ በብር ለዘመድ ሰጥተው ከሆነ ሒሳቡ በብር ነው ወይስ በዶላር? በፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። የሰጡትን ብር ልክ ይመለስልዎ ቢባሉ ማን ተጎዳ? ቅያሜ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሲሰጣጡ በዶላር መዝግቡ፤ በቴሌግራም አንዲት መስመር መልእክት ብትሆንም ትበቃለች።

ተመላሹ ከተባለው ቀን ካለፈ በመጀመሪያ የመሰረዣ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ጻፉ። መልስ ከሌለ ባለ ካርዱ ባንኩን ጠይቆ ክፍያውን መቃወም ይችላል፤ ለዚህም የጊዜ ገደብ ስላለው አይቆይ። ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳን ጉዞ ድርጅቱ ሰርዞ ገንዘቡን ከያዘ ደግሞ፣ የባሕር ትራንስፖርት ኮሚሽኑ የተጓዦችን ቅሬታ የሚሸመግል ክፍል አለው። አቤቱታው በኢንተርኔት ስለሚቀርብ ልጅቱም እዚያ ሆና፣ እናንተም ከደሴ ሆናችሁ መላክ ትችላላችሁ።