ባዱዋንጂን፦ ስምንቱን የቻይና እንቅስቃሴዎች ቤትዎ ውስጥ እንዴት ይሠሯቸዋል?

ማለዳ በቻይና ከተሞች መናፈሻ ውስጥ የሚያልፍ ሰው አዛውንቶች በዝግታ እጃቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ፣ የሌለ ቀስት ሲስቡ ያያል። ብዙዎቹ የሚሠሩት ባዱዋንጂን የሚባለውን ነው፤ ትርጉሙ «ስምንት ቁራጭ ያማረ ሐር» ማለት ነው። የቻይና ልማድ የጦር አዛዡ ዩዌ ፌይ ለወታደሮቹ እንደፈጠረው ይተርካል፤ ይህ አፈ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ግን እጅግ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በቻንግሻ ከተማ አጠገብ፣ ማዋንግዱዪ በተባለ ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ከተዘጋ መቃብር ውስጥ 44 ሰዎች ሲንጠራሩና ሲታጠፉ የሚያሳይ የሐር ሥዕል ተገኝቷል።

ዕቃ አይጠይቅም። እጅ ወደ ጎን ሲዘረጋ ግድግዳ የማይነካበት ቦታና ለስላሳ ልብስ ይበቃል። ሆድዎ ሞልቶ አይጀምሩ። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የአጥንት መሳሳት ወይም የጀርባ ዲስክ ችግር ካለብዎ፣ እርጉዝም ከሆኑ፣ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በዚህ ተማምነው አያቋርጡ።

ከሁሉ በፊት መቆምን ይለማመዱ። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ልክ ይክፈቱ፤ የእግር ጣቶች ወደ ፊት ይዩ። ጉልበትዎን ትንሽ ያላሉት፣ ትከሻዎን ይልቀቁ፣ አገጭዎን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይሳቡ። ምላስዎ ላንቃዎን በስሱ ይንካ። በአፍንጫ እየተነፈሱ አንድ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ይቆዩ። ብዙ ጀማሪ ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከስምንቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ትንፋሽ ካልረጋ የቀረው የእጅ ማወዛወዝ ብቻ ይሆናል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሰውነት ሲነሣና ሲከፈት አየር ያስገቡ፣ ሲወርድና ሲሰበሰብ ያስወጡ።

የመጀመሪያው «ሰማይን በሁለት እጅ መደገፍ» ይባላል። ከእምብርትዎ በታች ጣቶችዎን ያቆላልፉ፣ መዳፍዎ ወደ ላይ ይሁን። እስከ ደረት ያንሱት፣ እዚያ መዳፉን ገልብጠው ወደ ላይ ይግፉ። ዓይንዎ እጅዎን ይከተል። ጎንና ጎንዎ ሲሳብ እስኪሰማዎ ጥቂት ይቆዩ፣ ከዚያ እጅዎን ለቀው በጎን በኩል ያውርዱ። 6 ጊዜ ይድገሙ። ቻይናውያን ይህ «ሦስቱን ምድጃዎች» ያስተካክላል ይላሉ፤ መተንፈስን፣ ምግብ መፍጨትንና ማስወገድን የሚመሩ ሦስት የሰውነት ክፍሎች ማለታቸው ነው። ዘመናዊ ሕክምና እንዲህ ያለ አካል አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ለተቀመጠ ጀርባ ግን መንጠራራቱ በራሱ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሁለተኛው ቀስት መሳብ ነው። ወደ ግራ ሰፋ አድርገው ይርገጡና ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበትዎን ይጠፉ። የግራ እጅዎን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከፍተው ወደ ጎን ይዘርጉ፣ ቀኙ ክሩን ወደ ትከሻ ይሳብ። ዓይንዎ ሌባ ጣት ላይ ይረፍ። በየጎኑ 3 ጊዜ።

ሦስተኛው፣ አንድ መዳፍ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ከዳሌ አጠገብ ወደ ታች ይጫናል። አራተኛው፣ እጅ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ አንገትን ብቻ አዙሮ ወደ ኋላ መመልከት ነው፤ ወገብ አይዞርም። ሁለቱንም በየጎኑ 3 ጊዜ።

አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። እግርን በጣም ከፍተው ዝቅ ይበሉ፣ እጆችዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ። ወደ ቀኝ ያዘንብሉ፣ ከዚያ ደረትዎን ወደ ታች አድርገው በፊት በኩል ወደ ግራ ይዙሩ፤ መቀመጫዎም በተቃራኒው ይወዛወዝ። ራስ ምታት ወይም ማዞር ካለብዎ ራስዎን ከልብዎ በታች አያውርዱ፤ ቆመው ወገብዎን በዝግታ ማዞር ይበቃዎታል። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎችም ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊሠሩት ይችላሉ።

በስድስተኛው እጆችዎን ወደ ላይ ዘርግተው ያውርዱ፤ ከዚያ ከወገብዎ ጀምረው በመዳፍዎ የእግርዎን ኋላ እያሹ እስከ ቁርጭምጭሚት ይጎንበሱ። ቋንጃ የሚቆጣው እዚህ ነው። መሬት መንካት ግዴታ አይደለም፤ ጉልበት ላይ ከቀሩም ልክ ነዎት። ሲነሡ ቀስ ይበሉ፤ ፈጥነው ከተነሡ ዓይንዎ ሊጨልም ይችላል። 6 ጊዜ።

ሰባተኛው ላይ በፈረስ አቋቋም ሆነው አውራ ጣትን ውስጥ አድርገው ይጨብጡና ዓይንዎን አፍጥጠው ቡጢዎን በዝግታ ይዘርጉ፤ በየጎኑ 3 ጊዜ። ስምንተኛው ላይ ተረከዝዎን አንሥተው ጥቂት ይቆዩ፣ ከዚያ በለሰለሰ ምት ያሳርፉት፤ 7 ጊዜ። የቻይናው ስም «መቶ በሽታ ይጠፋል» ይላል። ያንን ተስፋ አድርገው አይጀምሩ፤ ለሚዛን፣ ለመገጣጠሚያና ለተረጋጋ ትንፋሽ ብለው ይጀምሩ።

ሲጨርሱ መዳፎችዎን እስኪሞቁ አፋትገው ፊትዎን በስሱ ይሹ፣ ከዚያ ሁለቱን ደራርበው ከእምብርትዎ በታች ያሳርፉና ጥቂት ይተንፍሱ።

ስምንቱን በአንድ ቀን ለመያዝ አይሞክሩ። በሳምንት ሁለት ሁለት እየጨመሩ ቢሄዱ በአራተኛው ሳምንት ሙሉውን ይዘውታል፤ ያኔ ሁሉም አንድ ላይ 12 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከመንጠራራት የሚመጣ ጫና ይጠበቃል፤ የሚወጋ ሕመም፣ የደረት መጨነቅ ወይም ማዞር ከተሰማዎ ግን ወዲያው ያቁሙና ይቀመጡ፤ ካልተወዎት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።