በምናባዊ ዓለም ሰው ሰብስበው ለሚነግዱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከአረርቲ እስከ መሐል ሜዳ፣ ኢንተርኔት በደረሰበት ሁሉ ወጣቶች በስልክም ሆነ በጌም ቤት ኮምፒውተር እንደ ሮብሎክስና ማይንክራፍት ወዳሉ ምናባዊ ዓለሞች ይገባሉ። ብዙዎቹ ለጨዋታ ነው የሚገቡት፤ አንዳንዶቹ ግን ከመጫወት አልፈው የራሳቸውን ሰርቨር (ሌሎች ገብተው የሚጫወቱበትን የራሳቸውን ዓለም) ይከፍታሉ፣ የሠሩትን ልብስና ሕንፃ ለሌሎች ይሸጣሉ፣ ብዙ አባል ያለው ቡድን ይመራሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእነርሱና ለወላጆቻቸው የተጻፈ ነው። ሰው ሰብስቦ ገንዘብ መቀበል የጀመረ ሰው፣ መድረኩ ምናባዊ ቢሆንም፣ ተጠያቂነት አለበት። በእነዚህ ዓለሞች ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ከክፋት ይልቅ፣ ማን በምን እንደሚጠየቅ ሰውና ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ካለመወሰኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጠቀም ፈቃድን እንደ ባለቤትነት መቁጠር

በምናባዊ ዓለም ውስጥ የተገዛ ቦታ፣ ቤት ወይም ልብስ በገዢው እጅ ያለ ንብረት ሳይሆን፣ በኩባንያው ሰርቨር ላይ በኩባንያው ውል መሠረት የሚቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ሰከንድ ላይፍ የተባለው ምናባዊ ዓለም ተጠቃሚዎቹ መሬት እየገዙ፣ ቤት እየሠሩ፣ ሊንደን ዶላር በተባለ የውስጥ ገንዘብ እንዲነግዱ በመፍቀዱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ አሜሪካዊ ጠበቃ በጨረታው አሠራር ላይ ያገኘውን ክፍተት ተጠቅሞ መሬት በርካሽ ገዝቷል ተብሎ አካውንቱ ሲዘጋ፣ በውስጡ የነበረው መሬትና ገንዘብ አብሮ ቀረበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2007 ዳኛው ተጠቃሚውን ወደ ግልግል ዳኝነት ብቻ የሚያስገድደው የውሉ አንቀጽ ተገቢ አይደለም ብለው ወሰኑ፤ ይሁን እንጂ ተከራካሪዎቹ ኋላ በስምምነት ስለጨረሱ፣ ምናባዊው መሬት የማን ነው የሚለው ዋና ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ኩባንያው ራሱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ዴር ዶት ኮም የተባለው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሕፃናት ይወዱት የነበረው ክለብ ፔንግዊን ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ተዘግተዋል።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመልሰው፣ አምስት ተማሪዎች ተባብረው የአንኮበርን ኮረብታ፣ የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ መቀመጫ የነበረውን ሥፍራ፣ በማይንክራፍት ቢሠሩ እንበል። ይህን የመሰለ ሥራ በእውነት ቢሠራ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሰርቨሩ የተከራየው በአንዱ ስም ከሆነ፣ ፓስዎርዱም በእርሱ ብቻ ከተያዘ፣ በመካከላቸው ቅሬታ በተነሣ ዕለት የአራቱ የወራት ድካም በአንድ ሰው ጣት ይጠፋል። ሥራው የማን እንደሆነ፣ ቢሸጥ ገቢው እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዱ ቢወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ መፈራረም ይገባል። የዓለሙ ፋይልም ከሰርቨሩ ውጭ ቢያንስ በሁለት ቦታ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይያዝለት፤ መብራት በድንገት ሲሄድ የተበላሸ ፋይል ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ደንብ ሳይጽፉ በር መክፈት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ስህተት ነው። ቡድን የሚከፍቱ ወጣቶች መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ስሙ፣ ስለ ዓርማውና አባል ስለማብዛት ነው፤ ደንቡ ጠብ ሲነሣ ይታሰብበታል ይባላል። ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚወጣ ደንብ ግን ለአንዱ ወገን የተጻፈ ከመምሰል አይድንም።

እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተው ላምዳሙ የተባለው ዓለም ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ነበር። በ1992 መጨረሻ አስተዳዳሪዎቹ ከእንግዲህ የቴክኒክ ሥራ ብቻ እንሠራለን፣ በነዋሪዎች መካከል ለሚነሣ ጠብ አንዳኝም ብለው አስታወቁ። ወራት ሳይቆዩ፣ በ1993 አንድ ተጠቃሚ የሌሎችን አቫታር (በዓለሙ ውስጥ የሚወክላቸውን ገጸ ባሕርይ) የሚቆጣጠር ፕሮግራም ተጠቅሞ በብዙ ሰው ፊት ወሲባዊ ውርደት አደረሰባቸው። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ብዙ ቢከራከሩም የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው አካል አልነበረም፤ በመጨረሻ አንድ አስተዳዳሪ ማንንም ሳያማክር የአጥቂውን አካውንት አጠፋ። አጥቂው ቅጣት የሚገባው ቢሆንም፣ ቅጣቱ የመጣው ከደንብ ሳይሆን ከአንድ ሰው ስሜት ነበርና ክርክሩ አልበረደም። የነዋሪዎች አቤቱታና ድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት የተዘረጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኢቭ ኦንላይን የተባለው የጠፈር ዓለም በበኩሉ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጫዋቾች በድምፅ የሚመርጡትና የኩባንያውን ሰዎች የሚያማክር ምክር ቤት አለው።

የመንዝ ሰው ይህን ነገር ከማንም ሊማር አይገባውም። በመንዝ ደጋ የሚገኘውን የጓሳን ሣር ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቆ ያቆየው የጋራ ደንብ ነው፤ አስቦና ጌራ የተባሉት ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው በመረጧቸው አለቆች እየተመሩ ቦታውን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ የሚታጨድበት ጊዜ ሲደርስም ቀኑ ለሁሉም ይነገራል፤ ከዚያ በፊት የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ አስተዳደር ሲፈርስ ጓሳው ለጉዳት ተጋለጠ፤ ነዋሪው ኋላ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መጠበቁን ቀጠለ። ሰርቨር የሚከፍት ሰው ከዚህ ሊወስድ የሚገባው፣ ደንቡም ዳኛውም ሣሩ ሳይነካ በፊት የታወቁ እንደነበሩ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው አባል ከመግባቱ በፊት ሊጻፉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ምን ያስባርራል? የሚያባርረው ማን ነው? የተባረረ ሰው ይግባኝ የሚለው ለማን ነው? የክስ ማስረጃ የሆነ ስክሪንሾት የት ይቀመጣል? አድሚኑ (የቡድኑ አስተዳዳሪ) ራሱ ሲከሰስስ ማን ያየዋል? ብዙ ቡድን የሚፈርሰው በዚህ የመጨረሻ ጥያቄ ላይ ስለሆነ፣ አድሚኖች ከሁለት ባያንሱና አንዱ በራሱ ጉዳይ እንዳይወስን ቢደነገግ መልካም ነው።

ጥቃትን «ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ

የተሰደበውና የተዛተበት ሰው አቫታሩ ብቻ እንደሆነ አድርጎ መናገር የተለመደ ሆኗል። መልእክቱን የሚያነበውና ድምፁን በጆሮው የሚሰማው ግን ሰው ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ኩባንያ ሆራይዘን በተባሉት ምናባዊ ዓለሞቹ ውስጥ ሴቶች በሌሎች አቫታሮች መከበባቸውንና መተንኮሳቸውን ከተናገሩ በኋላ፣ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. በአቫታሮች መካከል 1.2 ሜትር ያህል ርቀት የሚያስጠብቅ ገደብ አስገብቷል። ይህ የሚጠቅም ነገር ነው፤ የቃል ጥቃትን ግን አያስቆምም።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒውተር ማስፈራራትንና መዛትን በወንጀል ያስቀጣል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል። ሁለቱም በምናባዊ ዓለም ተነገረ ብለው ነፃ የሚያደርጉት ሰው የለም። በተለይ በቡድን ድምፅ ጨዋታ ላይ፣ የተሸነፈ ሰው የባላጋራውን ብሔር ወይም ሃይማኖት አንሥቶ መሳደብ ሲጀምር፣ አድሚኑ ወዲያው ድምፁን ዘግቶ ጉዳዩን ሊመዘግብ ይገባል። አካባቢያችን በቅርብ ዓመታት ያየውን መከራ የሚያስታውስ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ሊያልፈው አይችልም።

ዋሱ ያልታወቀ ገንዘብ መስጠትና መቀበል

ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ያለው ወጣት በእኛ ዘንድ ጥቂት ስለሆነ የጨዋታ ገንዘብ የሚገዛው በአብዛኛው በቴሌግራም ሻጮች በኩል ነው። አካሄዱ ይታወቃል፦ ሻጩ ዋጋ ይለጥፋል፣ ገዢው በቴሌብር ይልካል፣ ከዚያ «ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ላክልኝ፣ አሁን እጭንልሃለሁ» ይባላል። ፓስዎርዱን የላከ ሰው የላከው ሮበክስ (የሮብሎክስ የውስጥ ገንዘብ) የሚጫንበትን አካውንት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያከማቸውን ሁሉ ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ቢጫንም እንኳ በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ የካርዱ ባለቤት ሲያመለክት ክፍያው ይሰረዛል፣ የሚታገደው ደግሞ የገዢው አካውንት ነው። ሻጩ በዚያን ጊዜ የቻናሉን ስም ቀይሯል። ስለዚህ ፓስዎርድ ለማንም አይሰጥም፤ የሚሻለው ኮዱን ራሱ ገዢው የሚያስገባው የስጦታ ካርድ ነው፤ እርሱም ቢሆን በአካል ከሚታወቅ፣ ችግር ቢፈጠር ከሚገኝ ሻጭ መሆን አለበት።

ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሒሳቡን አስቀድሞ ያውቅ። በሮብሎክስ አንድ የጨዋታ መግቢያ ፈቃድ በ100 ሮበክስ ሲሸጥ ለሠሪው የሚደርሰው 70 ነው። ያን ወደ ዶላር ለመቀየር ቢያንስ 13 ዓመት መሙላትና ቢያንስ 30,000 በሥራ የተገኘ ሮበክስ ማከማቸት ያስፈልጋል፤ በገንዘብ የተገዛ ሮበክስ አይቆጠርም። ስለዚህ አንድ ወጣት 429 ያህል ፈቃድ ሸጦ የሚያገኘው ከ100 ዶላር ጥቂት ከፍ የሚል ገንዘብ ሲሆን፣ ገዢዎቹ ያን ሁሉ ሮበክስ ለመግዛት ያወጡት ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ሳያውቅ ለጓደኞቹ «በወር ይህን ያህል እከፍላችኋለሁ» ብሎ ሥራ የሚያስጀምር ልጅ ባለዕዳ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው የሌላውን ገንዘብ አባዛለሁ ማለት ነው። በሰከንድ ላይፍ ውስጥ ጊንኮ ፋይናንሺያል የተባለ «ባንክ» ከማንኛውም እውነተኛ ባንክ የበለጠ ወለድ እየሰጠ የብዙ ሰዎችን ሊንደን ዶላር ሰበሰበ። በሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በዓለሙ ውስጥ ቁማርን ሲከለክል ነዋሪው ገንዘቡን ለማውጣት ተሻማ፤ ባንኩ በነሐሴ ሲወድቅ ያልተከፈለው ገንዘብ ወደ 750,000 የአሜሪካ ዶላር ይገመት ነበር። የሰከንድ ላይፍ ባለቤት የሆነው ሊንደን ላብ በጥር 2008 በመንግሥት ያልተመዘገበ ማንም ሰው ወለድ እሰጣለሁ እንዳይል ከለከለ፤ ክልከላው ግን የመጣው ከሳሪዎቹ ከከሰሩ በኋላ ነው። ዛሬም በጨዋታ ገንዘብ ወይም በዲጂታል ሳንቲም ስም ትርፍ የሚያስቆጥሩ ቡድኖች ሲመጡ ዋሱ ማን ነው፣ የት ተመዝግቧል ብሎ መጠየቅና መልስ ከሌለ መተው ይገባል።

የሌላውን ሥራ ገልብጦ መሸጥም በዚሁ ይቆጠራል። በ2006 እ.ኤ.አ. ኮፒቦት የተባለ ፕሮግራም የሰከንድ ላይፍ ዕቃዎችን መቅዳት ሲጀምር ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃውመዋል፤ አንድን ጥለት ለመንደፍ ሳምንት የፈጀበት ሰው ቁጣው ይገባዋል።

ልጆችን ለኩባንያው ወይም ለጌም ቤቱ መተው

ኩባንያው ልጄን ይጠብቅልኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ፎርትናይት የተባለው ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ 275 ሚሊዮኑ ከልጆች የግል መረጃ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ 245 ሚሊዮኑ ተጠቃሚዎች ሳያስቡት እንዲገዙ ለሚያደርግ የአዝራር አቀማመጥ ነበር። ከክሱ አንዱ፣ ልጆችን ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚያገናኘው የድምፅና የጽሑፍ መልእክት ወላጅ ሳይጠየቅ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። ወላጅ ሌላ ምንም ባያውቅ እንኳ፣ በልጁ አካውንት ላይ የእድሜው ልክ በትክክል መሞላቱንና ከማያውቀው ሰው መልእክት መቀበሉ መዘጋቱን ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ማየት ይችላል።

የጌም ቤት ባለቤቶችም ድርሻ አላቸው። አንድ ልጅ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ አካውንቱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ ተጠቃሚ በተለወጠ ቁጥር የቀድሞውን እንዲያስወጣ ማድረግ ቀላል ሥራ ነው። ትልልቆች በሚጫወቱበት ሰዓት ሕፃናትን አለማስገባትም እንዲሁ።

ሳይናገሩ መዝጋት

ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ሥራ የያዘ ወይም የሰለቸ ሰው ሰርቨሩን ዘግቶ ቢሄድ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን አባላቱ የከፈሉት ገንዘብ፣ የሠሩት ቤትና በእጁ ያለው የስም፣ የስልክና የውይይት መዝገብ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በአገራችን የሰው የግል መረጃ ጥበቃ እንዳለው ደንግጓል። የሚዘጋ ሰው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለአባላቱ ይንገር፤ በዚያ ወር ውስጥ አዲስ ክፍያ አይቀበል፣ ያልተጠቀሙበትን ገንዘብ በከፈሉበት መንገድ ይመልስ፣ እያንዳንዱ የሠራውን ፋይል ወስዶ እንዲሄድ ይፍቀድ። ቡድኑን የሚረከብ ሰው ካለ አባላቱ አውቀው ይሁን፤ ከሌለ የሰዎቹን ስልክና የግል መልእክት ከኮምፒውተሩ አጥፍቶ፣ ማጥፋቱንም ለአባላቱ በጽሑፍ ያሳውቅ።