ቮልሷ መብራት ስታስቸግር ከማሳው (ከኮረንቲው መመለሻ) ጀምሩ

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ቮልሴ ደግሞ የምታድረው ውጭ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። በፈረንጆቹ 1972 የተሠራች ናት። ከአባቴ ነው የወረስኳት።

ባለፈው ክረምት ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) «ቀጭ» ብሎ ዝም ማለት ጀመረ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ባትሪ ቀይሪ» አሉኝ፣ ቀየርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነች። ቀጥሎ «ሞተሪኖው ነው» ተባልኩ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ገዛሁ። አሁንም ያው! ለካ ችግሩ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከሻንሲው (ከመኪናዋ የታች አካል) ጋር የሚያገናኘው፣ ከመዳብ የተጠለፈ ጠፍጣፋ ገመድ ነበር። ግማሹ ተበጥሷል፣ የቀረውን ዝገት በልቶታል። ያን ሁሉ ገንዘብ በከንቱ አወጣሁ። እናንተ እንዳታወጡ ነው ይህን የምጽፈው።

ማሳ የምንለው ኮረንቲው ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ነው። በአሮጌ መኪና ይህ መንገድ ቦዲው፣ ሻንሲውና ሞተሩ ራሱ ነው። መገናኛው ላይ ዝገት ወይም ቀለም ከገባ ኮረንቲው ሌላ መውጫ ይፈልጋል። በኔዋ ላይ በፍሪሲዮን ካቦ (ከፍሪሲዮን ፔዳሉ በሚነሳው የብረት ገመድ) በኩል ሄዶ ካቦውን አሙቆት ነበር። የማሳ ችግር ሌላም ምልክት አለው። ፍሬቻ ስታበሩ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ፍሬን ስትይዙ ሌላው መብራት ከፈዘዘ፣ ላምባዲና ከመግዛታችሁ በፊት የዚያን መብራት ማሳ እዩ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ርካሽ ዲጂታል ቴስተር፣ ሁለት ገመድ የተበየደበት የ12 ቮልት ላምባዲና፣ የብርጭቆ ወረቀትና ካቻቢቴ ይበቃል። ገመድ የምትነኩ ከሆነ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ይህን አደራ እላለሁ። በቮልስ ላይ ሁሉም ገመድ በፊውዝ አያልፍም፤ ከባትሪ የሚነሳው ወፍራም ቀይ ገመድ ቦዲ ከነካ የሚያቆመው የለም።

ባትሪው የኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። መኪናዋ ካደረች በኋላ ለኩት። 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ትንሽ ነዳጅ ስጡት። ከ13.5 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት) ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የዲናሞ መብራት ቢጭለጨለጭ አትደንግጡ፣ ዲናሞ በዝግታ ብዙ አያመነጭም። እየነዳችሁ ቦግ ካለ ግን ወዲያው ቁሙ። ቺንጊያው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያው ቺንጊያ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም ያዞራል። «ቤት ልድረስ» ብላችሁ ከነዳችሁ ሞተሩን ታቃጥሉታላችሁ።

አሁን እኔን ያዳነኝን ልኬት ልንገራችሁ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አስነኩት፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ (ከባትሪው የወጣው ጉጥ) ላይ። ቀዩን ጫፍ በካምቢዮው ንጹሕ ብረት ላይ አስነኩ። ሞተሩ እንዳይነሳ ከቦቢናው (ለካንዴላ ኮረንቲ ከሚሰጠው) ላይ 15 የሚል ቁጥር ያለውን ጥቁር ገመድ ንቀሉ፤ ሌላ ነገር እንዳይነካም አርቁት። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉና አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር። ለኔ ያዞረልኝ ልጄ ነው። ንባቡ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት። የኔ ከ2 ቮልት በላይ አሳየ። ገመዱን ቀየርኩት፣ የሚታሰርበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት፣ ላዩን ግራሶ ቀባሁት። ከዚያ ወዲህ በሐምሌ ጠዋትም በአንድ ቁልፍ ትነሳለች።

ባትሪው ሌሊቱን እየወረደ የሚያድር ከሆነ ኔጋቲቩን ፍቱና ላምባዲናውን በእርሳሱና በተፈታው ገመድ መካከል አስገቡ። በሩ ይዘጋ፣ አለበለዚያ የውስጡ መብራት ያሳስታችኋል። ላምባዲናው ከበራ የሚፈስ ኮረንቲ አለ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። የትኛው ሲነቀል እንደጠፋ አይታችሁ ያንን መስመር ተከተሉ። ሁሉንም ነቅላችሁም ካልጠፋ፣ በኋላ ላይ የተጨመረ ነገር ፈልጉ። በኔዋ ላይ በቀጥታ ከባትሪ የተሳበ ቴፕ አግኝቻለሁ።

ፊውዞቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ሳይቃጠሉ ያስቸግራሉ። ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ነው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። በእርጥበት ጫፋቸው ይሻግታል። በጣት አሽከርክሩትና መብራቱ ከመጣ ምክንያቱን አገኛችሁ ማለት ነው፤ አውጥታችሁ ፈግፍጉት። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት መጠቅለል ግን ፈጽሞ አይገባም። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እኔም በመንገድ ላይ ተመክሬበታለሁ። ፊውዙ እንቢ ሲል ገመዱ ይቃጠላል፣ ቤንዚን ታንከሩ ደግሞ እዚያው ፊት ለፊት ነው።

ስለ ገመድ ቀለም ትንሽ ልበል። ፋብሪካው ሲያወጣት ቡኒ ማሳ ነው፣ ቀይ ሁልጊዜ ኮረንቲ ያለበት ነው፣ ጥቁር ቁልፍ ሲዞር ኮረንቲ የሚያገኝ ነው። በተርሚናሎቹ ላይም 31፣ 30 እና 15 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ከሃምሳ ዓመት ጥገና በኋላ ግን ቀለሙን አትመኑ። የኔ የቀኝ ፍሬቻ በቤት መብራት ገመድ ነበር የተቀጠለው፣ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ። ቁጥሩን እዩ፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ።

ሥራው ሲያልቅ የኋላውን ወንበር ከመመለሳችሁ በፊት ሥሩን እዩ። የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን እርሳስ ከነካ፣ ውስጡ ያለው ጭድ መሰል ነገር በደቂቃ ይያያዛል። ባትሪው ላይ መክደኛ ከሌለ ወፍራም ጎማ ቁረጡና አልብሱት። እኔ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ነው የቆረጥኩት። ከኋላ የሚቀመጥ ከባድ ሰው ካለ ደግሞ ጎማው እንዳልተንሸራተተ በየጊዜው እያነሳችሁ ተመልከቱ።