ኮሮና ፒኞን ተቀይሮ መኪናው ሲጮህ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ፍጥነት ሲሳሳት

ከ2011 እስከ 2014 የተመረተው ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ፣ ማኑዋል ካምቢዮ ያለው ከሆነ፣ የዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈው ክፍል፣ መደበኛ ሬሾው 3.31 ነው። አውቶማቲኩ 3.15 ነው። ገዢው ከፈለገ ማኑዋሉ በ3.55 ወይም በ3.73 ይመጣለት ነበር። ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መደበኛውን ነው። ከዚያ ኮሮናና ፒኞኑን ቀይሬ 3.73 ላስገባ ይላል። ደፈር ያለው 4.10 ያምረዋል።

3.73 ማለት ፒኞኑ (ከሻፍቱ ጋር የሚዞረው ትንሹ ጥርሳም ዘንግ) 3.73 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ኮሮናው (ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ጥርሳም ቀለበት) 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 11 ጥርስ አለው። በ3.31 ደግሞ 43 በ13 ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ሲነሳ ጉልበት ያገኛል። በምላሹ ሞተሩ በየትኛውም ፍጥነት ላይ ከበፊቱ በላይ ይሽከረከራል።

ከተቀየረ በኋላ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው ከዕቃው አይደለም፤ ከአገጣጠሙ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይፈታ በፊት ችግሩ መቼ እንደሚመጣ አጣሩ። ነዳጅ ስትሰጡ ነው? ስትለቁ? ስትታጠፉ? በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ? ይህን ጽፋችሁ ለመካኒኩ ስጡት። «ኋላው ይጮሃል» ብቻ ከተባለ የሚሠራው በግምት ነው።

ፍጥነት መለኪያው ያጋንናል

በጂፒኤስ 70 ማይል ስትሄዱ ዳሽቦርዱ 79 ይላል። መኪናው አልተበላሸም። ኮምፒዩተሩ አሁንም ያለው 3.31 ነው ብሎ ያስባል። 3.73ን ለ3.31 ብታካፍሉ 1.127 ይመጣል። ስህተቱ ወደ 13 በመቶ የሚጠጋው ለዚህ ነው። የተጓዘውን ርቀት የሚቆጥረውም በዚያው ልክ ያበዛል፤ መኪናውን ለመሸጥ ስታስቡ ያኔ ይቆጫችኋል። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ የሚቀይርበት ፍጥነትም ይዛባል።

መፍትሄው አዲሱን ሬሾ ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ የመኪናው ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት ነው። የጎማ መጠንም ከቀየራችሁ አብሮ ይስተካከል። ሥራውን የሚቀበለው ጋራዥ ይህንንም እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንሠራም ካሉ ሌላ ሰው ፈልጉ።

«4.10 አስገብቼ መኪናው አልፈጠነም»

ይህን የሚል ሰው አይዋሽም። 235/50 በ18 መጠን ባለው ጎማ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲደርስ ሁለተኛ ማርሽ በ3.31 ወደ 70 ማይል ያደርሳል። በ3.73 ወደ 62 ይወርዳል። በ4.10 ደግሞ 57 ላይ ያልቃል። ከዜሮ እስከ 60 ለመድረስ አንድ ተጨማሪ የማርሽ ለውጥ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ያ ለውጥ ያገኛችሁትን ትርፍ ይበላዋል። አንደኛ ማርሽም አጭር ስለሚሆን ጎማው መሬት ሳይዝ በቦታው ይሽከረከራል።

አውራ ጎዳና ላይም ጣጣ አለው። በስድስተኛ ማርሽ በ70 ማይል ሞተሩ በ3.31 ወደ 1,850 ዙር ያህል ነው። በ3.73 ወደ 2,100፣ በ4.10 ወደ 2,300 ይደርሳል። በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ድምፁም ነዳጁም ይታወቀዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለድራግ ውድድር ብቻ ካልሆነ 3.73 ይበቃል። 4.10 ያስገባ ሰው ያለው መፍትሄ ሁለት ነው፦ ጥሩ የሚይዝ የኋላ ጎማ ገዝቶ ከነጠባዩ መኖር፣ ወይም እንደገና ከፍሎ መመለስ።

ነዳጅ ሲሰጥ ወይም ሲለቀቅ ያፏጫል

ዋናው ራስ ምታት ይህ ነው። ድምፁ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ከፍጥነቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ ካለ፣ የጥርሱ የመግፊያ ፊት በትክክል አልተነካካም። ስትለቁ ብቻ ካለ የኋላ ፊቱ ነው። ሁለቱም ላይ ካለ ፒኞኑ የተቀመጠበት ጥልቀት ራሱ መጠርጠር አለበት።

«500 ማይል ሲሄድ ይጠፋል» የሚላችሁን አትመኑ። በስህተት የተገጠመ ጥርስ እየተፋጨ ሲሄድ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ወፍራም ዘይት መጨመርም ድምፁን ለጥቂት ቀን ከማፈን ውጭ ምንም አያደርግም።

ትክክለኛው ምርመራ የዲፈረንሻሉን ክዳን ከፍቶ ጥርሶቹን ቀለም መቀባት ነው። ኮሮናውን ትንሽ እየያዙ ያዞሩታል፤ ፒኞኑ የነካበት ቦታ አሻራ ይተዋል። አሻራው ከጥርሱ ሥር ከወረደ ፒኞኑ ከሚገባው በላይ ጠልቋል። ወደ ጫፉ ከወጣ ገና አልገባም። አሻራው መሃል አካባቢ ሲያርፍ ነው ሥራው አለቀ የሚባለው።

በፎርድ 8.8 ኢንች ዲፈረንሻል ጥልቀቱን የሚወስነው በፒኞኑ ራስና ፒኞኑ በሚሽከረከርበት በውስጠኛው ኩሽኔታ መካከል ያለው ሺም የሚባል ስስ ቀለበት ነው። ወፍራም ሺም ፒኞኑን ወደ ኮሮናው ያስጠጋዋል፤ ቀጭኑ ያርቀዋል። ችግሩ ሺሙን ለመቀየር ኩሽኔታውን በፕሬስ ማውጣት ግድ ነው። ስለዚህ ሰነፍ መካኒክ የድሮውን ሺም አስገብቶ ክዳኑን ይዘጋል። አንዳንዴ ይገጥማል። ሲሳሳት ግን ፉጨቱን የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ጎበዙ መካኒክ ውስጡ ሰፋ ተደርጎ የተሞረደ መሞከሪያ ኩሽኔታ አለው። እሱን በእጁ እያስገባና እያወጣ ሺሙን ይፈትሻል፤ አዲሱን ኩሽኔታ የሚመታው መጨረሻ ላይ ነው። ጋራዥ ስትመርጡ «መሞከሪያ ኩሽኔታ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ዳያል ጌጅ በሚባል ቀጭን ክፍተት በሚለካ መሣሪያ ይለካል። ለአዲስ ጥርስ ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ልኩም በኮሮናው ዙሪያ በተለያየ ቦታ መወሰድ አለበት። አገር ቤት በኢሱዙ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ መካኒክ በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ሊገምተው ይችላል፤ እጁን አከብራለሁ። የሙስታንግ ኋላ ግን ከሾፌሩ ጆሮ ብዙ አይርቅም። በጌጅ ይለካ።

አንድ ነገር አትርሱ፦ ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ አብረው የተፋጩ ጥንዶች ናቸው። ከአንዱ ስብስብ ኮሮና፣ ከሌላው ፒኞን ወስዶ ማጋባት አይቻልም። በሁለቱ ላይ የተጻፈው የጥንድ ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ።

ፉጨት ሳይሆን ማጉረምረም

ድምፁ ወፍራም ከሆነና ነዳጅ ሰጣችሁም ለቀቃችሁም ካልተለወጠ ወደ ኩሽኔታ ሂዱ። ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ ስታወዛውዙት የሚለወጥ ከሆነ የጎማው ጎን ኩሽኔታ ነው። ካልተለወጠ የፒኞኑ ሊሆን ይችላል።

የፒኞን ኩሽኔታ ቶሎ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በአጠባበቅ ስህተት ነው። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ክራሽ ስሊቭ የሚባል፣ ሲጠብቅ የሚጨፈለቅ ቱቦ አለ። የፒኞኑ ዳዶ ሲጠብቅ ቱቦው ያጥራል፤ ኩሽኔታው ይጨናነቃል። ለአዲስ ኩሽኔታ ፒኞኑን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ከ1.8 እስከ 3.3 ኒውተን ሜትር መሆን አለበት። በኤር ጋን (በአየር በሚሠራ መፍቻ) አንድ ጊዜ «ጠርርር» ካደረጉት ልኩ ይታለፋል። ከታለፈ ዳዶውን መልሶ ማላላት አይሠራም፤ ቱቦው አንዴ ተጨፍልቋል። አዲስ ቱቦ ገብቶ ከመጀመሪያው ይጠብቃል። ዳዶውን ብቻ አላልቶ የሚተወው ግን ብዙ ነው። ከአጭር ጉዞ በኋላ ክዳኑ እጅ የማያስነካ ከሆነና የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ መንዳት አቁሙ።

ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ «ቋ» ይላል

ክፍተቱ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ግን ቸኩላችሁ ክዳን አታስከፍቱ። ክሮቼራው (የሻፍቱ መገጣጠሚያ)፣ የኋላ አክስሉን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ላይ ያሉት ላስቲኮችና ቡሎኖች ያንኑ ድምፅ ያወጣሉ። አዲሱ ሬሾ ጉልበቱን ስለሚያበዛው ድሮም የላላውን ዕቃ አሁን ያስጮኸዋል። እነዚህን ቀድማችሁ አስፈትሹ፤ ርካሽም ቀላልም ናቸው።

ፓርኪንግ ውስጥ ስትታጠፉ ይንቀጠቀጣል

የፎርድ ትራክ ሎክ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻ እንዳይሽከረከር የሚያደርግ ዲፈረንሻል) ውስጡ ክላች ሳህኖች አሉት። ልዩ የዘይት ማለስለሻ ይፈልጋል፤ መጠኑ 118 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ዘይቱ ሲሞላ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ጨምሩበትና ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ እያላችሁ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ ንዱት። አሁንም ካልተወ ሳህኖቹ አልቀዋል። ቶርሰን የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሊሚትድ ስሊፕ ለገጠመ ሰው ይህ አይመለከተውም፤ እሱ ክላች ሳህን የለውም።

በአውራ ጎዳና ላይ ንዝረት መጣ

ከ3.31 ወደ 3.73 ከተቀየረ፣ ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያገናኘው ሻፍት አሁን በ13 በመቶ ፈጥኖ ይዞራል። ድሮ 80 ማይል ላይ የሚመጣ ንዝረት አሁን ወደ 71 ወርዶ ከሆነ ጥፋቱ የሻፍቱ ነው፤ ባላንስ ይሠራለት። በድሮው ፍጥነት ላይ ከቀረ ጎማ ወይም ቸርኬ ነው። ሻፍቱ ሲፈታ ምልክት ተደርጎበት በነበረበት አቅጣጫ መመለስ አለበት። ምልክት ሳይደረግ ከተፈታ ግማሽ ዙር አዙሮ ገጥሞ መሞከር አንዳንዴ ይፈታዋል።

በየዙሩ «ጠቅ ጠቅ»

ቆማችሁ አስከፍቱት። ወይ ጥርስ ተሸርፏል፣ ወይ የኮሮናው ቡሎን ላልቷል። ቡሎኖቹ በክር ማጣበቂያ፣ በቶርክ ሬንች ከ95 እስከ 115 ኒውተን ሜትር መጥበቅ አለባቸው። የላላ ቡሎን ወጥቶ ጥርስ መሃል ከገባ አዲሱ ዕቃ ያልቅለታል።

ዘይት ያንጠባጥባል

ከፊት ከሆነ የፒኞኑ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃው) ነው፤ ሲገባ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ከሆነ ክዳኑ ነው፤ ማሸጊያው ሳይደርቅ ዘይት ተሞልቶበት ይሆናል። ሁለቱም ደህና ሆነው እየደጋገመ ካንጠባጠበ በአክስሉ ላይ ያለችውን ትንሿን መተንፈሻ እዩ። በጭቃ ስትደፈን የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። አዲስ ጥርስ የገባበት ዘይት ለማንኛውም ከመጀመሪያዎቹ 500 ማይሎች በኋላ ይቀየራል። እስከዚያው ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ መጀመሪያ ላይ 15 እና 20 ደቂቃ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። ዘይቱ ሲወጣ ማግኔቱ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ብታዩ አትደንግጡ። በጣት የሚያዝ ስባሪ ከሆነ ግን ክዳኑን አትዝጉት።