ከገጠር ከተማ ዳር ሰፊ ጊቢ ላይ ቤት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ዳር ሰፊ ቦታ ያገኘ ሰው ችካል ለመቸከል ይቸኩላል። ብዙ ብር የሚያስወጣው ስህተትም የሚጀምረው እዚያው ነው።

ቦታውን በበጋ ብቻ አይቶ መወሰን። ጥር ላይ ደረቅ የነበረ ሜዳ ነሐሴ ላይ የጎርፍ መሄጃ ሆኖ ይገኛል፤ ተራራ ግርጌ ያለ ቦታ ደግሞ የላይኛውን ሁሉ ውሃ ይቀበላል። ከባድ ዝናብ እንዳባራ ቦታው ላይ ቆመው ውሃው የሚወርድበትን መስመር በድንጋይ ምልክት ያድርጉ። ቤቱ ከዚያ ይራቅ፤ ከቤቱ በላይ በኩል ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቀት ላይ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር።

ቤቱን መሀል ላይ መትከል። 25 በ40 ሜትር ቦታ ላይ 10 በ10 ቤት መሀል ቢቀመጥ በግራና በቀኝ 7 ሜትር ተኩል ብቻ ይቀራል። ለጌሾውም ለከብቱም አይመች። ወደ ላይኛው ዳር ጠጋ ቢል ከታች አንድ ወጥ መሬት ይተርፋል። የቅሬው (የዕድሩ) ድንኳን የት እንደሚተከል አሁኑኑ ያስቡ፤ ሰርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው የሚውለው።

ዋልካ (ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር) ላይ መሠረት መጣል። በቦርከና ሸለቆ ይህ ስህተት ብዙ ግድግዳ ሰንጥቋል። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በሚያዝያ ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ይቆፈር። ጥልቅ ከሆነ ጥቁሩ ወጥቶ በገረጋንቲ (ጠጠር በተቀላቀለበት የመሙያ አፈር) ይተካ፤ በየ20 ሳንቲሜትሩ ውሃ እየጠጣ ይጠቅጠቅ። በአንድ ጊዜ ገልብጦ ከላይ ብቻ መርገጥ ዋጋ የለውም።

ቋሚውን በቀጥታ መሬት ውስጥ መቅበር። ባህር ዛፉ ቀድሞ የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት አንድ ስንዝር ላይ ነው፤ ምስጡም በዚያ ይገባል። ልጡ ተልጦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ቢቻል ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። እርጥቡን መማገር ሲደርቅ ተጣሞ ሚስማሩን ይነቅላል።

ጭቃውን በችኮላ መምረግ። ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ ቢያንስ ሳምንት ይቡካ፣ በየሁለት ቀኑ ይረገጥ። ከጭቃው የእንቁላል ያህል አድቦልቡለው ጥላ ውስጥ ያድርቁ፦ ከተሰነጠቀ ጭድ ይጨመር፤ በጣት ሲፈገፍጉት ከረገፈ የሚያጣብቅ አፈር ያንሰዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ስንጥቅጥቅ ቢል አይደንግጡ፤ ሁለተኛው የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። ጥቅምት ላይ የተመረገ ቤት በልግ ሳይገባ ይደርቃል።

ክፍክፉን (ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን የጣሪያ ጠርዝ) ማሳጠር። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 800 ሊትር ውሃ ነው፤ አሸንዳ ከሌለ ሁሉም የግድግዳው እግር ላይ ይወድቃል። ክፍክፉ ከ60 ሳንቲሜትር አይነስ። የቆርቆሮ ሚስማር ጉብታው ላይ እንጂ ሸለቆው ላይ አይመታም። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ሻጭ "35 ነው" ሲልዎ ትልቅነቱ አያታልልዎ።

የመሬት መንቀጥቀጥን መርሳት። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬና ማጀቴን ያፈረሰው ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። በየማዕዘኑ ሰያፍ እንጨት ይግባ፤ ወጪው ጥቂት ነው።

መጸዳጃውን ከጉድጓድ ውሃ በላይ መቆፈር። ከጉድጓዱ በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይሁን። ሲለኩ የጎረቤትንም ጉድጓድ ይቁጠሩ።