«አይፈልጉም እኮ!» ከማለታችን በፊት፦ ተጫዋችና አሰልጣኝ ላይ ስንከራከር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ኦገስት 13 ቀን 2022። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የእንግሊዝ ሊግ ነው፤ የነሱ ነው።) ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ማንቸስተር ዩናይትድ ከብሬንትፎርድ። በ35ኛው ደቂቃ 4 ለ 0 ሆነ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ማሊያውን አውልቆ አጣጠፈና «እነዚህ ልጆች መጫወት አይፈልጉም፣ አለቀ!» አለ። ከጥግ አንድ የአርሰናል ደጋፊ «ተጫዋቹ ምን ያድርግ? አሰልጣኙ ነው እንጂ!» ብሎ መለሰለት። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ይሄንኑ ክርክር ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ተከራክሬያለሁ። የምንስተው እዚህ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

የእቅድ ስህተትን «ፍላጎት የለም» ማለት

የዚያን ቀን ሁለተኛ ጎል እንይ። በረኛው ደ ሄያ ኳሷን በአጭሩ ለኤሪክሰን ሰጠው። ኤሪክሰን የራሱ ሳጥን ጫፍ ላይ ነው፣ ፊቱም ወደ ራሱ ጎል ዞሯል። ጄንሰን ከጀርባው ደረሰበት፣ ነጠቀው፣ አገባ። እስቲ እዚህ ውስጥ ስንፍናው የቱ ጋ ነው? ደ ሄያ በእግሩ ጨዋታ መጀመር እንደማይሆንለት ዓለም ያውቃል። ብሬንትፎርዶችም ያውቃሉ፤ ያችን ኳስ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ከኋላ በአጭር ኳስ እንጀምር ያለው አሰልጣኙ ቴን ሃግ ነው። ይሄ የእሱ ነው።

የመጀመሪያው ጎል ግን የማንም እቅድ አይደለም። ቀላል ምት ነበር፤ ከደ ሄያ እጅ ሾልካ ገባች። ራሱም ከጨዋታው በኋላ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። በስምንት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጎል ገባ፤ አንዱ የተጫዋች፣ አንዱ የአሰልጣኝ። ሁለቱም «ማሊያውን አይወዱትም» ከሚለው ጋር አይገናኙም። ለዚህ ነው ጎል በጎል ተለይቶ ካልታየ ክርክሩ የትም የማይደርሰው።

ልብን በኪሎ ሜትር መለካት

ከዚያ ጨዋታ በኋላ ቴን ሃግ የእረፍት ቀን ሰርዞ ተጫዋቾቹን 13.8 ኪሎ ሜትር እንዳስሮጣቸው ተዘገበ። ብሬንትፎርዶች በልጠው የሮጡት ያንን ያህል ነበር። እሱም አብሯቸው ሮጠ። ማሊያውን ያወለቀው ሰውዬ ይሄን ሲሰማ «አላልኳችሁም?» አለ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ተጫዋች የት እንደሚሮጥ ሲያውቅ ብዙ ይሮጣል። አጥቂው ፕሬስ ሊያደርግ፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ሊያስጨንቅ ወጣ እንበል። አማካዩ ካልተከተለው፣ ተከላካዩም ከኋላ ካልገፋ፣ ኳሷ በሁለት ቅብብል ታልፈዋለች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ብቻውን ሮጦ ባዶ እጁን ይመለሳል። አራተኛው ላይ ይቆማል። እኛ ስክሪን ላይ የምናየው አራተኛውን ነው፤ «ሰነፍ!» እንላለን።

ፊትና ትከሻ ማንበብ

የአርሰናል ደጋፊዎች አማካያቸውን ኦዚልን በትከሻው ነው የከሰሱት። ትከሻው ከወረደ አለቀለት። በ2015/16 ግን ያ ትከሻ በሊጉ 19 ጎል የሆኑ ኳሶችን አቀብሏል። የዩናይትዱ አጥቂ ቤርባቶቭም ተጎትቶ የመጣ ይመስል ነበር፤ በ2010/11 ዩናይትድ ሊጉን ሲወስድ 20 ጎል አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢነቱን ከቴቬዝ ጋር ተጋርቷል።

በተቃራኒው ሣሩ ላይ ተንሸራቶ ኳስ የሚያወጣ ተከላካይ ስናይ እናጨበጭባለን። ለምን መንሸራተት እንዳስፈለገው የሚጠይቅ የለም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ ቦታውን ስለለቀቀ ነው!

አሰልጣኝ ሲባረር የተገኘን ድል የክህደት ማስረጃ ማድረግ

ራኒየሪ ሌስተርን ሻምፒዮን ባደረገ በዘጠኝ ወሩ፣ ፌብሩዋሪ 2017 ላይ ተባረረ። በአራተኛው ቀን ሌስተር ሊቨርፑልን 3 ለ 1 አሸነፈ። «ሸጠውታል!» ተባለ። ትንሽ እውነት ይኖረው ይሆናል፤ ተጫዋች አሰልጣኙን አያኮርፍም ብዬ አልምልም። ሞሪንሆም በዲሴምበር 2015 ከቼልሲ ከመባረሩ ሦስት ቀን በፊት ሥራዬ ተከዳ ብሎ ነበር። ግን የራኒየሪ ምክትል የነበረው ሼክስፒር ሌስተርን ሲረከብ ሻምፒዮን ወዳደረጋቸው አጨዋወት እንደመለሳቸው አብሮ ይነሳ። ክህደትም ካለ፣ ሻምፒዮን የነበረ ቡድን ለምን አኮረፈ የሚለው ጥያቄ ተመልሶ አሰልጣኙ ጋ ነው የሚሄደው።

«ጊዜ ይሰጠው» ብሎ ማለፍ

አርሰናል 2021/22ን ሲጀምር ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። ዘጠኝ ጎል ገባበት፣ አንድም አላገባም፣ የሊጉ መጨረሻ ተቀመጠ። ያ ከጥግ የጮኸው ጓደኛችን ያን ሰሞን «አርቴታ ይውጣ» ባይ ነበር። አርሰናል ዓመቱን አምስተኛ ጨረሰ፣ ከዚያ በተከታታይ ሦስት ዓመት ሁለተኛ ሆነ። ዛሬ አርቴታን የነካበትን አይለቅም።

ከዚህ ግን «ማንም ጊዜ ካገኘ ያስተካክላል» የሚል ሕግ አይወጣም። አርቴታ ያኔ ቡድኑን እያደሰ ነበር፤ በረኛውን ቀየረ፣ ወጣቶቹን አስገባ፣ የማይፈልገውን ሸኘ። የሚሠራው ነገር በዓይን ይታይ ነበር። አንዳንዱ ጋ ግን ወር በመጣ ቁጥር አሰላለፉ ይለያያል፣ ስህተቱ ያው ነው። እንዲህ ላለው ተጨማሪ ዓመት መስጠት ዕዳ ማስረዘም ነው። በኋላ ስንት ዋንጫ የወሰደው የዩናይትዱ ፈርጉሰንም እኮ በ1989/90 በሊጉ 13ኛ ሆኖ ጨርሷል እያሉ ማንንም መከላከል ይቻላል።

ከላይ ያሉትን መርሳት

ይሄ አጭር ነው። ሞዬስ ዩናይትድን ሊያሰለጥን ሲገባ የስድስት ዓመት ኮንትራት ፈረመ፤ የመጀመሪያውን የውድድር ዓመት እንኳን ሳይጨርስ ሄደ። ቫን ኻል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ ተከተሉ። አንዱ የሚፈልገውን ተጫዋች ቀጣዩ አይፈልገውም። ገዝቶ የሚያመጣው፣ ደሞዙን የሚወስነው ግን ከላይ የሚቀመጠው የክለቡ አመራር ነው፤ እሱን ስክሪን ላይ የምናየው ካሜራው ሲዞርበት ብቻ ነው።

ወደዚያ ሰውዬ ልመለስ። ከብሬንትፎርዱ ውርደት በዘጠነኛው ቀን ሰኞ ማታ ዩናይትድ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰውዬው ማሊያውን ለብሶ መጥቷል። «አያችሁ? ዛሬ ፈልገው ተጫወቱ!» ይላል፣ ሂሳብ ለሁላችንም እየከፈለ። እውነቱን ነው፣ ሮጠዋል። ሮናልዶና ማጓየር ግን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር የጀመሩት። ደ ሄያም አጫጭሯን ኳስ ትቶ ወደ ፊት ሲለጋ ነው ያመሸው።